«ይበል» የሚል ሰው፦ ከዋድላ ጉባኤ እስከ ትንሹ አሳታሚ

ከላስታ በስተደቡብ ባለው የዋድላ ምድር፣ የቅኔ ተማሪ ሥራውን ለሰው ጆሮ የሚያቀርብበት ሥርዓት አገሪቱ ማተሚያ ቤት ከማየቷ ከብዙ ዘመን በፊት የጸና ነው። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር በቅኔ ቤትነት ስሟ የሚነሣ አገር ናት። የቤተ ክርስቲያን ትውፊትም የቅኔን ጅማሬ ሲተርክ የዚህን አካባቢ ሊቅ ዮሐንስ ገብላዊን ያነሣል። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ ስንቁን ለምኖ፣ ከሰው ራቅ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል። መጀመሪያ የሚጀምረው ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ነው። እሷን አስተካክሎ ሲችል ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ ይሸጋገራል። ቆይቶም ስድስት ቤት ወዳለው ሥላሴ፣ በመጨረሻም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ይዞ ከአስነጋሪው ወይም ከየኔታ ፊት ይቀርባል። ምጣኔው ከጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ፣ ቃሉ ከሰዋስው ካፈነገጠ እዚያው ይታረማል። አምሮ ሲገኝ ደግሞ ጉባኤው «ይበል!» ይለዋል።

ይህ ሥርዓት ለፈጠራ ሰው ሦስት ነገር ይሰጠዋል። ሥራውን ይዞ የሚሄድበትን የታወቀ ቦታ፣ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰሚ፣ ዛሬ ባይሳካለት ነገ ተመልሶ የሚቀርብበትን ፈቃድ። ዛሬ ላሊበላ፣ ኩልመስክ ወይም ሙጃ ተቀምጦ አጭር ልብ ወለድ ወይም ግጥም የሚጽፍ ወጣት ስልክ አለው፣ ወረቀት አለው፣ ገንዘብ ካገኘም የሚያትምለት አያጣም። እነዚያን ሦስቱን ግን የሚያገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። ትንንሽ አሳታሚዎችና የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች ምን ይሠራሉ የሚለውን ጥያቄ ከዚህ ተነሥቼ ልመልሰው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እኔ እንደሚገባኝ ትንሽ አሳታሚ ከሁሉ በፊት አንባቢ ነው።

የቅኔ ቤቱም ቢሆን የጎደለው ነገር ነበረበት። ቅኔ በዕለቱ ተቆጥሮ በዕለቱ ይነገራል፤ ነገ የሚነገረው ሌላ ነው። የሰማው ሰው በቃሉ ካልያዘው ይጠፋል። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀንበሬ በ1963 ዓ.ም. «መጽሐፈ ቅኔ» ብለው የሊቃውንቱን ሥራ ሰብስበው ባያሳትሙ ኖሮ ዛሬ በስም የምናውቃቸው የብዙ ባለቅኔዎች ቃል ከእኛ አይደርስም ነበር። ሰሚም ማተሚያም ያስፈልጋሉ ማለት ነው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን መዘንጋት የለበትም።

በሰው አገር የታተሙ መጻሕፍት

የግእዝ ፊደል ለኅትመት የተቀረጸው ሮም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ደግሞ በቫቲካን አጠገብ በነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ገዳም የሚኖሩት አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን ለኅትመት አበቁ። አታሚዎቹ ግእዝ አያነቡም ነበር፤ ስለዚህ በመጽሐፉ ለተገኘው ስሕተት አንባቢ ይቅርታ ተጠይቋል። ጥቂት መነኮሳት፣ የደጋጎች ገንዘብ፣ በውሰት የተገኘ ማተሚያና ሥራውን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ አንድ ሊቅ ነበሩ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ትንሽ አሳታሚ የትኛው ነው ብባል የምጠቁመው ይህንን ገዳም ነው።

ላሊበላም የራሷን ገድል በኅትመት ያየችው በሩቅ ነው። ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን በብሪቲሽ ሙዚየም ካለ ብራና ላይ የገድለ ላሊበላን ግእዝ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1892 ፓሪስ ነው። በዚያው ዘመን በላስታ አድባራት ቁም ጸሐፊዎች ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር አንዱን መጽሐፍ በወራት ይገለብጡ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራም እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ታተመ።

አዲስ አበባ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ካገኘች በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ጎሐ ጽባሕ በተባለው ማተሚያቸው ብዙ መጻሕፍት አወጡ። ኋላ ደግሞ መጽሔቶቹ መጡ፤ «መነን» እና «የካቲት» ለአዳዲስ ጸሐፍት ገጻቸውን የከፈቱ ነበሩ። በዓሉ ግርማ የልብ ወለድ ደራሲ ብቻ ሳይሆን የመነንና የአዲስ ዘመን አዘጋጅም ነበር። የሰው ጽሑፍ ተቀብሎ ማንበብ፣ ማረም፣ መመለስ ሙያው ነበር ማለት ነው። ከአራት ኪሎ የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድርም ስንት ገጣሚ ወጣ።

በደርግ ዘመን ይህ የማንበብ ሥራ በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ገባ። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አርታኢዎች ነበሩት፤ የብዙ ደራስያንን ሥራ በደንብ አርሞ በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ ያደረሰ ድርጅት ነው። ነገር ግን አንባቢና ተቆጣጣሪ ጎን ለጎን የተቀመጡበት ዘመን ነበር። የበዓሉን «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳትሞት ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በ1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ደግሞ መጽሐፍ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ለአሥርተ ዓመታት በቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ግጥሞች «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው በ1998 ዓ.ም. ሲሰበሰቡ ገጣሚው ከሞተ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ታላቅ ነገር ነው፤ ማንም ደራሲ ያንን ዘመን አይናፍቅም። ይሁንና ሳንሱሩ ሲወጣ አርታኢውም አብሮት የወጣ ይመስለኛል። የመንግሥት አሳታሚዎች ተዳከሙ፤ በቦታቸው የቆመው በአብዛኛው ደራሲው በራሱ ገንዘብ የሚያሳትምበት አሠራር ነው። ሜጋንና ሻማ ቡክስን የመሳሰሉ አሳታሚዎች ብቅ ብለዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስም በዋናነት ለጥናት ሥራዎች አለ። ለአዲስ የፈጠራ ጸሐፊ ግን በሩ የማተሚያ ቤት በር ሆነ። እዚያ ደግሞ የሚጠየቀው ገንዘቡ ነው።

የአንዲት አስተማሪ ረቂቅ

በላሊበላ ከተማ የምታስተምር አንዲት ሴት አሥራ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ጽፋለች እንበል። ስለ ምን እንደምትጽፍ መገመት አይከብድም። ኮሮና ቱሪስቱን ሲያስቀር ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አስጎብኚ አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ሲገባ ቤቱን ዘግቶ የሸሸ፣ ሸሽቶም ያልተመለሰ አለ። መብራት በጠፋባቸው ወራት ወፍጮ ቆሞ እህል በእጅ የፈጨች እናት አለች። በገና ዋዜማ ከአምስት ቀን መንገድ በእግሯ የመጣች ተሳላሚ አለች። ይህን ከላስታ ውጭ ያለ ሰው እንደ እሷ ሊጽፈው አይችልም።

ረቂቋን ይዛ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ብታማክር የምትሰማው መልስ «አሳትሚዋ!» የሚል ነው። ማተሚያ ቤት ሲሄዱ ሒሳቡ በፎርም ይሰላል፤ አንድ ፎርም በተለመደው የመጽሐፍ መጠን 16 ገጽ ነው። መጽሐፏ 160 ገጽ ከወጣው 10 ፎርም ይሆናል። በኦፍሴት ኅትመት የፕሌቱና የማሽን ዝግጅቱ ወጪ መቶ ቅጂ ቢታተምም ሦስት ሺህ ቢታተምም ያው ነው። ስለዚህ ጥቂት ማሳተም ለአንዱ ቅጂ ውድ ነው፣ ብዙ ማሳተም ለአንዱ ቅጂ ርካሽ ነው። አታሚው «ሦስት ሺህ አድርጊው፣ ያዋጣሻል» ቢላት አልዋሻትም፤ ለአንዱ ቅጂ በእርግጥ ይረክሳል። ግን ሦስት ሺሁን የሚገዛ ሰው ማን እንደሆነ የሚያስብላት የለም። ወረቀቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ትናንት የተሰጠ የዋጋ ማቅረቢያ ነገ ላይሠራ ይችላል።

እቁብ ደርሷት፣ ከወንድሟ ተበድራ አሳተመች እንበል። ከዚያ ወዲህ አከፋፋይ ነው ያለው። መጽሐፉን በአደራ ይወስዳል፤ ሲሸጥ ድርሻውን ቆርጦ ይከፍላል። መደብሩም ድርሻ አለው። ለገሃርና አራት ኪሎ ያሉት መደብሮች፣ ካፌ ለካፌ የሚዞሩት መጽሐፍ አዟሪዎች፣ ሁሉም ስሟን የማያውቁትን ጸሐፊ ሥራ ከፊት አያስቀምጡም። በዚያ ላይ እሷ ያለችው ከዋናው የወልድያ–ወረታ መንገድ፣ ከጋሸና 64 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ነው። ለቁጥጥርም ለሒሳብም አዲስ አበባ መመላለስ የመጽሐፉን ትርፍ ይበላዋል። ጥቂት ቆይቶ መጽሐፉ በቴሌግራም ተቃኝቶ በነፃ ይዞራል።

የገንዘቡ ጉዳት ይታያል። የማይታየው ጉዳት ይብሳል ብዬ አምናለሁ። ያ መጽሐፍ ከማሽኑ እስኪወጣ ድረስ «አራተኛው ታሪክሽ መጨረሻው ላልቷል፤ ሰባተኛውና ዘጠነኛው አንድ ታሪክ ናቸው፤ የወፍጮዋ ግን ግሩም ናት፣ እሷን አስቀድሚያት» ያላት ሰው አልነበረም። አሥራ ሁለቱም እኩል ታተሙ። አንባቢ አምስት ገጽ አንብቦ ቢተዋት፣ ያቺን የወፍጮዋን ታሪክ ሳይደርስባት ነው።

ትንሽ አሳታሚ ወይም መጽሔት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከአሥራ ሁለቱ አንዷን ይመርጣል። ያርማታል፤ መልሶ ይልክላታል፤ ታሻሽላለች። ከሌሎች አምስትና ስድስት ጸሐፍት ሥራ ጋር ያትማታል፤ እነሱን ፍለጋ የመጣ አንባቢ እሷንም ያገኛል። ወጪው የእሷ አይደለም። ክፍያ ባይኖር እንኳ በሚቀጥለው ጊዜ «እዚህ ታትሜያለሁ» ብላ የምታመለክትበት ነገር አላት።

«ታትሜያለሁ» ማለት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማሳየት አንድ ምሳሌ በቂ ነው። በአፍሪካ አጭር ልብ ወለድ ስሙ የገነነው የኬን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2021 ለትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ለሜሮን ሃደሮ ተሰጠ። ያሸነፈችበት ታሪክ አስቀድሞ የወጣው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሚታተም ዚዚቫ በተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ነው። የሽልማቱ ደንብ ደግሞ ደራሲው ራሱ ሥራውን እንዲያቀርብ አይፈቅድም፤ ታሪኩ አስቀድሞ የታተመ መሆን አለበት፣ የሚያቀርበውም አሳታሚው ነው። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ታሪክ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከታተመ ይገባል። ስለዚህ የላሊበላዋ አስተማሪ የቱንም ያህል ብትጽፍ፣ አንድ ትንሽ መጽሔት ካልተቀበላት ከደጁ አትደርስም። አገር ውስጥ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው ሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማትም ሲመዝን የቆየው የታተሙ መጻሕፍትን ነው።

ናይሮቢ ይህን ቀድማ ተረድታዋለች። ቢንያቫንጋ ዋይናይና እ.ኤ.አ. በ2002 የኬን ሽልማትን ካገኘ በኋላ በ2003 ከጓደኞቹ ጋር «ክዋኒ?» የተባለ መጽሔት ጀመረ። በዚያው ዓመት ሽልማቱን የወሰደችው ኢቮን ኦዎር ያሸነፈችበት ታሪክ የወጣው በዚሁ አዲስ መጽሔት ነበር። በናይጄሪያዋ ካኖ ደግሞ ሴቶች በማኅበር ተሰባስበው በሐውሳ የጻፏቸውን ትንንሽ መጻሕፍት በራሳቸው አሳትመው በገበያ ይሸጣሉ። ከእነሱ አንዷ የባላራባ ራማት ያኩቡ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2012 በህንድ ቼናይ በሚገኝ ብላፍት በሚባል ትንሽ አሳታሚ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። በአገሬው ቋንቋ፣ ለአገሬው ሰው የተጻፈ ነገር ሩቅ አይደርስም የሚለውን ሐሳብ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ዛሬ የሚንኳኩ በሮች

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ያሉት በሮች ተበታትነው እንጂ ጨርሰው የሉም አይባልም። «አዲስ አድማስ» ጋዜጣ አጫጭር ልብ ወለድና ግጥም ሲያስነብብ የኖረ ነው፤ ብዙ የዛሬ ደራስያንን መጀመሪያ ያነበብናቸው እዚያ ነው። ባሕር ዳር የምትታተመው «በኩር» ለአማራ ክልል ጸሐፊ ቅርብ ናት። በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር «ብሌን» የተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አለው። ከወረቀት ውጭ ደግሞ መድረኩ አለ፤ በራስ ሆቴል የጀመረው የጦቢያ ግጥም በጃዝ፣ ሚዩዚክ ሜይዴይ የሚያዘጋጃቸው የመጽሐፍ ውይይቶች። እነዚህ ሁሉ ግን አዲስ አበባና ባሕር ዳር ናቸው። ወሎ ራሱ መድረክ የማያውቅ አገር አይደለም፤ በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ ኪነት የተባለው ቡድን ከዚህ ምድር ዜማ ይዞ አገር ያዳረሰ ነው። ለዘፈን የተቻለው ለአጭር ልብ ወለድ አለመሞከሩ ያሳዝነኛል።

ድምፅንም መርሳት አይገባም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙ ኢትዮጵያዊ ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። ዛሬ ተራኪና አፍሮሪድ የሚባሉ የስልክ መተግበሪያዎች የአማርኛ መጻሕፍትን በድምፅ ያቀርባሉ። ማንበብ ለማይችል አባት ታሪክን ማድረስ የሚቻልበት ይህ መንገድ ለላስታ ይስማማል።

ለልጆች የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሰፋ በር አለው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች ተረት አሳትሟል፤ ያቋቋመው ኢትዮጵያ ሪድስም ለሐዋሳ ልጆች በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ያዞር ነበር። ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ በሚል ስም የሚወጡት መጻሕፍትም በኢትዮጵያ ቋንቋዎችና በእንግሊዝኛ ተጽፈው የሚታተሙት ሰው ሲያዝ ነው፤ ሦስት ሺህ ቅጂ ከአልጋ ሥር የሚያስቀምጥ የለም። የአፍሪካ የተረት መጻሕፍት ፕሮጀክትም በአማርኛ የተጻፉ አጫጭር ተረቶችን ለማንም በነፃ ያደርሳል። አስተማሪያችን በየቀኑ የምታወራቸው ተማሪዎች አሏት፤ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የምታውቅ ሰው ለልጅ የምትጽፈው አታጣም።

ከባሕር ማዶ ያሉት በሮች በአብዛኛው በትርጉም የሚከፈቱ ናቸው። ኤልያስ ወንድሙ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቋቋመው ሎስ አንጀለስ ያለው ፀሐይ አሳታሚ በኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ ያተኩራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ማንችስተር ያለው ካርካኔት የአማርኛ ግጥሞችን ስብስብ በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ያዘጋጁት ዓለሙ ተበጀና ክሪስ ቤኬት ናቸው። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ብሩክሊን ያለው አካሺክ፣ ማዛ መንግሥቴ ያዘጋጀችውን «አዲስ አበባ ኑዋር» አሳተመ፤ አዳም ረታና በዕውቀቱ ሥዩም ከገቡት መካከል ናቸው። «ኦሮማይ»ም ከወጣ ከአርባ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ለዓለም ደረሰ። እንግዲህ ተርጓሚ ጓደኛ ማፍራት ለጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው። በነገራችን ላይ የኮመንዌልዝ የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ለአባል አገሮች ዜጎች ብቻ ስለሆነና ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች፣ በየዓመቱ ማስታወቂያው ሲዞር ማንም እዚያ ላይ ጊዜውን አያጥፋ።

የትኛውም በር ቢንኳኳ አላላኩ ወሳኝ ነው። ከመላክ በፊት የዚያን መጽሔት ወይም ጋዜጣ ሁለት ሦስት እትም ማንበብ ግድ ነው፤ ምን እንደሚወዱ የሚነግረን የታተመው ነው። ጽሑፉ በዩኒኮድ ይተየብ። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በድሮ የግእዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ነገር በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፣ አዘጋጁም አይታገልበትም። አንድ ቅጂ ከራስ ዘንድ ይቀመጥ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የተላከው መድረሱን፣ መልስ መምጣቱን የሚያውቅ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ በፍላሽ የሚላክ ረቂቅ ከኢሜይል ይቀድማል።

መብትን በተመለከተ ሕጉ ከሚታሰበው በላይ ለጸሐፊው ያደላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው ሥራው በተፈጠረበት ጊዜ፣ ያለ ምንም ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል፤ ጥበቃውም የደራሲውን ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ኅትመት ውል የሚደነግግ ክፍል አለው። ስለዚህ አሳታሚ ውል ሲያቀርብ ስንት ቅጂ፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው ቋንቋ፣ የፊልምና የድምፅ መብቱስ ለማን የሚለው በጽሑፍ ይስፈር። አንዲት ታሪክ ለመጽሔት መስጠት ማለት ታሪኳን ለዘለዓለም መሸጥ አይደለም፤ በኋላ በራስ መድበል ውስጥ ለማስገባት መብቱ እንደሚመለስ ማረጋገጥ ይገባል። ጽሑፍን ለማንበብ ብቻ ከጸሐፊው ገንዘብ የሚጠይቅ ያልታወቀ «አሳታሚ» ካጋጠመ ደግሞ መራቅ ነው።

ላስታ ላይ ቢጀመር

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። ላሊበላ የራሷ ትንሽ መድበል ሊኖራት ይችላል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚወጣ፣ ቀጭን፣ በደንብ የተነበበ። ሁለት ፎርም፣ ማለትም 32 ገጽ ይበቃል። ይህ አራት አጫጭር ታሪክና ስምንት ዘጠኝ ግጥም ይይዛል። ቅጂው ጥቂት ስለሚሆን ኦፍሴት ሳይሆን ዲጂታል ኅትመት ይመረጣል፤ ለፕሌት የሚወጣ ስለሌለ ጥቂት ማተም አያከስርም፣ ሲያልቅ እንደገና ማሳተም ይቻላል።

ከገንዘቡ በፊት ግን አንባቢዎቹ ይሰየሙ። እኔ ብሆን አምስት ሰው እመርጣለሁ፤ የአማርኛ አስተማሪ፣ ከዋድላ ወይም ከላስታ አንድ የቅኔ መምህር፣ ብዙ የሚያነብ አስጎብኚ፣ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ እንዲሁም ከየጁ በኩል መንዙማ የሚያውቅ ሰው። የየጁዋ ዳና የእስልምና ትምህርትና የመንዙማ ማዕከል ሆና የኖረች ናት፤ ወሎ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፎ በአጀሚ ያቆየ አገር ነው። የሰሜን ወሎ መድበል ያንን ድምፅ ካላካተተ ጎደሎ ይሆናል። ለአንባቢዎቹ ከባዱ ሥራ ዘመድንና ጓደኛን እንደሌላው ሰው ማንበብ ነው። የቅኔ ቤቱ መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ሁሉም ተማሪ በሁሉም ፊት ይነግራል። መድበሉ ደግሞ ስም ከጽሑፉ ላይ ተነሥቶ በቁጥር እንዲነበብ ማድረግ ይችላል።

ጥሪው ከፋሲካ በኋላ ይወጣል፤ በትምህርት ቤቶች በር፣ በአብያተ ክርስቲያናቱና በመስጊዶቹ አቅራቢያ፣ በገበያ ቀን። የማስገቢያው ቀን ሰኔ መጨረሻ ቢሆን ክረምቱን ለማንበብና ለማረም ማዋል ይቻላል። አንድ ሰው ከሁለት ታሪክ ወይም ከአራት ግጥም በላይ እንዳያስገባ መወሰን ይጠቅማል፤ ጸሐፊው ራሱ እንዲመርጥ ያስገድደዋል። በእጅ የተጻፈም ይቀበሉ፤ ኮምፒውተር የሌለው የጊዳን ወረዳ ገበሬ ልጅ ዕድሉን ማጣት የለበትም፣ የሚተይብለት ይፈለጋል። ጥቅምት ላይ መድበሉ ወልድያ ወይም ደሴ ወዳለ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። መጽሐፉ ከሌሎች መጻሕፍት ጋር በመዝገብ እንዲቆጠር ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ከወመዘክር የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ይጠየቃል፤ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ጀርባ ላይ 978-99944 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር እሱ ነው። ለዚያው ለወመዘክር ቅጂ ማስረከብም ግዴታ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ላስታ በ2010ዎቹ ምን ጻፈች ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው እዚያ ነው።

ገበያው ራሱ ይመጣል። ለገና ከየአቅጣጫው ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ተሳላሚ ከሻማና ከጧፍ፣ ከሥዕለ አድኅኖና ከመዝሙር ሲዲ ሌላ ለቤቱ የሚወስደው ነገር ይፈልጋል፤ የአገሬው ሰው ስለ አገሩ የጻፈው 32 ገጽ መጽሐፍ ከመንገዱ ዳር ቢዘረጋ እንደሚያነሣው አልጠራጠርም። ስለ ላሊበላ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ የተጻፈው ብዙ ነው። ያ በአብዛኛው የተጻፈው ስለ ዐለቱ አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ ዐለቱ ሥር ስላለችው ወፍጮ ቤት የሚተርክ አላየሁበትም።

ያልተመረጡት ጽሑፎች ከመድበሉ እኩል ሥራ ይጠይቃሉ። ለእያንዳንዱ ላኪ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም ቢሆን፣ ከአምስቱ አንባቢዎች አንዱ የፈረመበት ማስታወሻ ይደርሰዋል፤ የትኛው አንቀጽ እንደሠራ፣ የትኛው እንዳልሠራ፣ ከምን ቢጀምር እንደሚሻል። አራት መስመር ይበቃል። መድበሉ በገና ሰሞን ከተሸጠ በኋላ፣ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ የገቡትም ያልገቡትም በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ሥራቸውን በድምፅ ያነብባሉ። ማስታወሻ የደረሰው ያሻሻለውን ይዞ ይመጣል። የሁለተኛው እትም የመጀመሪያ ገጾች የሚመረጡት ከዚያ ቀን ንባብ ነው።